አልረግብ ያለው ሹካ

ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። «እኔ ላይ ከምትጮህ እሱ ላይ ጩህ፤ እሱ ራሱን አያመውም» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እሺ። እንጩህ።

ዛሬ የልጄን ሳይክል ይዤ ወደ ሳይክል ጠጋኙ ሄድኩ። ጠጋኝ ሲሉት እንኳ ደስ አይለውም። ሱቁ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት ከግድግዳው እስከ ወለሉ ነጭ ነው፤ እሱም ጥቁር የላስቲክ ጓንት ሳያጠልቅ ብሎን አይነካም። ባለጓንቱ ብዬዋለሁ።

የተራራ ሳይክል የፊት ጎማውን የያዙለት ሁለት እግሮች አሉት፤ ሹካ ይባላል። ውስጣቸው አየርና ዘይት ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሹካው ይታመቅና ምቱን ይውጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቆማል። የሚጣ ሹካ ግን ደንድኗል። «አባዬ፣ ድንጋዩን ሁሉ በእጄ ነው የምቀበለው» ካለችኝ ሰነበተች። እኔም አይቻለሁ። በሹካው እግር ላይ አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች፤ ነጂው ሲቀመጥ ሹካው እየታመቀ ወደ ላይ ይገፋታል፣ እዚያው ትቀራለች። ደህና ሹካ ከሆነ ምልክቱ ድረስ ትሄዳለች። የኛዋ የመንገዷን ግማሽ እንኳ አትሄድም።

ባለጓንቱ መሪውን ይዞ አንድ ጊዜ ተጫነው። «ጋሼ፣ ይሄ ሰርቪስ ከተደረገ ዓመት አልፎታል» አለኝ። ዋጋውን በአፉ መናገር አፍሮ ነው መሰለኝ ካልኩሌተር ላይ ጽፎ አዞረልኝ።

የወር ደሞዜ ግማሽ! ለምኑ? ዘይት ለመቀየር፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ላስቲኮች ለመለወጥ፣ ለማጽዳት። እኔ የሉካንዳ ሚዛን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ገጥሜ፣ አስተካክዬ የምቀበለው የዚህን አንድ አሥረኛ አይሆንም፤ ባለሉካንዳው ደግሞ እሱንም ይከራከረኛል።

«ዘይቱ ወርቅ አለበት እንዴ?» አልኩት።

«የለበትም ጋሼ፤ ግን ልዩ ዘይት ነው» አለ።

ሁሉም ልዩ ነው። ዘይቱ ልዩ፣ ቅባቱ ልዩ፣ መፍቻው ልዩ። የተለመደው ሌብነቱ ብቻ ነው። ሳይክሉን ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ሌላ ሁለት ቦታ ጠየቅኩ። አንዱ «እኛ ጎማ እንጂ ሹካ አንነካም» አለ። ሁለተኛው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ባለጓንቱ ጋ ደወለ። ዋጋው አንድ ሆነ። ጉድ ነው! ትከሻዬን አሞኛል። እሱን ነገ እጽፋለሁ።

ረቡዕ ማታ

ሥራዬ ሚዛን ማረም ነው። ሉካንዳ፣ አትክልት ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ የት ያልገባሁበት አለ። ሁለት ባለሃያ ኪሎ የብረት መመዘኛ በግራና በቀኝ አንጠልጥዬ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ነው የኖርኩት፤ ትከሻዬ ባይታመም ነበር የሚገርመው። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ከረጢት ባነሳ ስንት ኪሎ እንደሆነ እናገራለሁ። መሥሪያ ቤት ይወራረዱብኛል፤ እስካሁን በኔ የተበላ የለም።

ሚጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሚጣ ስሟ አይደለም። ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ነው የምጠራት፤ በጓደኞቿ ፊት ስጠራት ትቆጣኝ ነበር፣ ኋላ ሰለቻትና ተወችው። በክለቡ ዋና ቡድን አንድ ቦታ ክፍት ነው፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚለየው ዝናቡ ሳያቆም በሚደረገው የመዝጊያ ውድድር ነው። ያንን ቦታ ካገኘች ትምህርቷንም ጉዞዋንም ክለቡ ይችላል። ካላገኘች እንግዲህ እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ውድድር አራተኛ ወጣች። በመኪና ስንመለስ ሒሳቡን አብረን ሠራን። ከሳይክሉ የምንቀንሰው ግራም የለም፤ ኮርቻውንም ፔዳሉንም በቀላል ለውጬ ጨርሻለሁ። «እንግዲህ አንቺ ሁለት ኪሎ ብትቀንሺ ዳገቱ ያንቺ ነው» አልኳት። «እሺ አባዬ» አለች። በሁለተኛው ውድድር ሦስተኛ! «አየሽ፣ ሒሳቡ ሠራ!» ብዬ መንገዱን ሙሉ ጥሩምባ ስነፋ ነው የመጣሁት። ታዛዥ ልጅ ናት፤ እምቢ ስትለኝ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን የቀረን ሹካው ብቻ ነው። ሹካው ነው የሚያስቀረን።

ዓርብ

ከፈልኩ። ሐሙስ ይደርሳል አለኝ። ዘይት ለመቀየር ሳምንት!

እሑድ

የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ተደፈነ። ጠዋቴን እሱን ስፈታ ዋልኩ። አንድ እፍኝ ጸጉር አወጣሁ። ቱቦውን የሠራው ሰው ጠባብ ቱቦ አስገብቶ የሰፊ ቱቦ ሒሳብ እንዳስከፈለን ድሮም ጠርጥሬ ነበር። ባለቤቴ ጸጉሩን ጋዜጣ ላይ ዘርግታ ስታየው ቆየች። «የማን ነው?» አለችኝ። የማን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ፤ በዚህ ቤት ጸጉር ያላችሁት እናንተ ናችሁ አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

ሐሙስ

ሳይክሉ መጣ። በጨርቅ አብረቅርቀውታል፤ የጨርቁንም አስከፍለውኛል መሰለኝ።

ሹካው ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ አለ፦ ነጂው ይህን ያህል ኪሎ ከሆነ፣ ይህን ያህል አየር። ሚጣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ናት። ራሴ ነኝ የመዘንኳት፤ በውድድሩ ዘመን መግቢያ የእህል መጋዘኑን ትልቅ ሚዛን ሳርም ይዣት ሄጄ ወጥታበታለች። ከዚያ ሁለቱን ኪሎ ቀነስኩ። ለሃምሳ ስድስት ነፋሁት።

ቅዳሜ

ከልምምድ ተመለሰች። ቀለበቷ ያው ናት! የመንገዷን ግማሽ እንኳ አልሄደችም። የደሞዜ ግማሽ የት ገባ?

«እንዴት ነው ሹካው?» አልኳት።

«ደህና ነው አባዬ።»

«እጅሽን አሳዪኝ።» መዳፏ ቆሳስሏል፤ ጣቶቿ በረዶ ናቸው። «ይሄ ደህና ነው?»

«ይበርዳል ውጪ» ብላ እጇን ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። የኔን ሹራብ ነው የምትለብሰው፤ ጉልበቷ ድረስ። ፋሽን ነው አሉ። የአባትን ልብስ መዝረፍ ፋሽን ከሆነ እንግዲህ ምን ይደረግ።

ሰኞ

ባለጓንቱ ጋ። ሰው ፊት አልጮኽኩም። ማለቴ ትንሽ ጮኽኩ።

ሹካውን ፊቴ ፈታው። እውነቱን ለመናገር ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ዘይቱም ገና ጥሩ ቀለም አለው። «ጋሼ፣ እኔ የምሠራውን ሠርቻለሁ። ነጂዋን ያምጧት» አለኝ። «የውድድር ልብሷን፣ ጫማዋን፣ የጀርባ ውሃዋን አድርጋ ትቀመጥና እዚሁ እናስተካክለዋለን። ሠንጠረዡ መነሻ ነው እንጂ…»

«ልጄ ሥራ ፈት መሰለችህ? ትምህርት አላት፣ ልምምድ አላት።»

«ስንት ኪሎ ናት?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

እኔን! ሚዛን ሲሰርቅ ከሩቅ የማውቀውን ሰው! የሱቁን ጠረጴዛ ሚዛን አየሁና «ያ ሚዛንህ አምስት ግራም ይበላል፣ አስተካክለው» ብዬው ወጣሁ። በእርግጥ አይበላም ነበር። ግን ይጨነቅ።

ለመፍታቱም አስከፈለኝ። ፈትቶ «ምንም የለውም» ለማለትም ዋጋ አለ። ይህን ሥራ እኔ ብሠራው ኖሮ ዛሬ ሁለት ፎቅ ነበረኝ።

ረቡዕ

የጎረቤት ውሻ የሚጣ መስኮት ሥር ነው የሚውል የሚያድረው። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ባለቤቶቹ ምን እንደሚያበሉት አላውቅም፤ እኛ ግን ቆሻሻውን እየጠረግን ነው። ዛሬ አጥሩ ላይ ሆኜ ተናገርኩ። ሰውየው «እኛ ጋ እኮ ምግብ መቅመስ ካቆመ ቆየ» አለኝ። ዓይን አውጣ።

ዓርብ ማታ

ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አላዳመጥኩም፤ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ነው።

«እኔ ስናገራት ‹ጓደኞቼ ጋ በልቻለሁ› ትለኛለች። እሱ ቢነግራት ትሰማ ነበር። እሱ ደግሞ አፉን በከፈተ ቁጥር ሹካ ነው።»

ውሃዬን ሳልጠጣ ተመለስኩ። ስለ ሹካ ያላወራሁ ስለ ምን ላውራ? ማን ነው የልጅቷን ነገር በትከሻው የተሸከመው? ማን ነው በየሱቁ የሚዋረደው? ልጅ ጓደኞቿ ጋ በላች ማለት ምን ክፉ ነገር አለው? ለቤታችንም ቆጠብን። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የባለጓንቱ ነገር ነው፤ «እርግጠኛ ነዎት» ያለው ነገር።

ሰኞ

ደርሼበታለሁ። ችግሩ አየሩ ጋ አይደለም፤ ሌላኛው እግር ውስጥ ዘይቱን የሚያሳልፈው ክፍል ጋ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የወንድሙ እንዲሁ ሆኖበት ነበር አለኝ። ባለጓንቱ ጋ ሄጄ «እሱን ቀይርልኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱ አይመስለኝም። ውድ ዕቃ ነው፣ ይቅርብዎት።»

ሌባ ሌብነቱን ሲከለክል ያየሁት ዛሬ ነው። ነገር አለው ማለት ነው! «ቀይር አልኩህ» አልኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ወንበር ፈለግኩ።

ማክሰኞ

የኔን ሳይክል ሸጥኩት። ለትምህርት ቤት ዘበኛው። ለልጄ ነው ብሎ ወሰደው፤ ራሱ ሲነዳው ግን አይቼዋለሁ።

እሑድ እሑድ ከሚጣ ጋር አብረን እንወጣ ነበር። እሷ ጫፍ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ሽማግሌ!» እያለች ትጠብቀኝ ነበር። ባለፈው ግን ጫፍ ላይ ቆሜ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ስትደርስ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር፣ «ሽማግሌ» አላለችኝም። የደነደነ ሹካ ሰውን እንዴት እንደሚጨርስ ያየ ያውቃል። ስለዚህ ሳይክሌ ቢሸጥ ምንም አይደለም።

ሐሙስ

ባለሉካንዳው ቢላውን እየሳለ «ባለሚዛኑ፣ ልጅህን ትናንት በዚህ ስታልፍ አየኋት። አሟት ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ስፖርተኛ ናት!» አልኩት።

«አይ፣ እኔ እንኳ…»

«አንተ ሥጋህን ሽጥ።» ሚዛኑን ከወትሮው ሁለት እጥፍ መረመርኩት። ምንም አላገኘሁበትም። ይሄም አናደደኝ።

ቅዳሜ

የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን የለም። የሚዛን ሰው ቤት ሚዛን ጠፋ! ባለቤቴን ጠየቅኳት።

«ሚጣ ክፍል ነው።»

«ምን ልታደርግበት?»

«እስቲ አንተ ጠይቃት» አለችኝ። ዓይኔን እያየች።

ልጠይቃት ነበር፣ ባለጓንቱ «ሳይክሉ ደርሷል» ብሎ ደወለና ወጣሁ።

ሰኞ

አዲሱ ዕቃ ገብቷል። የሸጥኩት ሳይክል ሙሉ ዋጋ በአንድ ጣት በሚያህል ቱቦ። ዛሬ ትነዳውና እናያለን።

ማታ

ወደቀች።

ቁልቁለቱ ላይ፣ የዛፍ ሥር ባለበት። ሹካው አልታመቀም፤ እጇ ዝሎ መሪውን ለቀቀች። የቡድኑ አሰልጣኝ መኪናዋ ውስጥ አስገብታ አመጣቻት። ምንም አልተሰበረችም። ክንዷ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ሰንበር፤ ሌላ ቢጫ የሆነ ያረጀ ሰንበርም አለ፣ መቼ እንደወደቀች አልነገረችኝም። አሰልጣኟ በር ላይ ቆማ «ላነጋግራችሁ ፈልጌ ነበር» አለች። «ስለ ሹካው ከሆነ ነገ እጨርሰዋለሁ» አልኳት። ወደ ባለቤቴ ዞረች፤ ውጪ ቆመው ብዙ አወሩ።

ነገ ባለጓንቱን አንገቱን ነው የማንቀው። አምላኬ ይስማኝ፣ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር። እኔም ደግሞ መጀመሪያ ቀን ሳይክሉን ይዤ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ሄድኩለት። የኔ ጥፋት ያ ነው። ያ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

በሥርዓት ልጻፈው።

ሱቁ ሰው ነበረበት። ግድ አልሰጠኝም። «ሌባ!» አልኩት። «ሁለት ጊዜ አስከፍለኸኝ፣ የማልፈልገውን ዕቃ አስገዝተኸኝ…» ዕቃውን ራሴ እንዳዘዝኩት አልረሳሁም፤ ግን በዚያ ሰዓት እውነት የሚጠቅመኝ አልነበረም። ልጄ ወደቀች አልኩት። የባለጓንቱ ፊት ተለወጠ። «ተጎዳች?» አለ። «አንተን ምን አገባህ!» አልኩት።

ሳይክሉን ከእጄ ተቀበለ። ቀለበቷን ወደ ታች መለሳት። ጎማ ልትገዛ የመጣችውን አንዲት ሴትዮ «ይቅርታ፣ አንዴ እዚህ ላይ ሊቀመጡልኝ ይችላሉ?» አላት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ተቀመጠች። «ስንት ኪሎ እንደሆኑ ብጠይቅ ይቀየሙኛል?» «ሃምሳ ስድስት ሃምሳ ሰባት ብሆን ነው» አለች። ወረደች። ሁላችንም ሹካው ላይ አጎነበስን።

ቀለበቷ ምልክቱ ላይ ናት። በትክክል። ሰው በእጁ ያስቀመጣት ነው የምትመስለው።

ባለጓንቱ ጓንቱን አወለቀ። እጁን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደኔው ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ሹካው የሚያውቀው የተቀመጠበትን ሰው ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትንሽ ፖምፓ፣ ግፊት የሚያነብ ሰዓት ያለበትን፣ በከረጢት አድርጎ ሰጠኝ። «ይዘውት ይሂዱ። ቤት እሷን አስቀምጠው፣ ቀለበቷ ምልክቱ ጋ እስክትደርስ አየር ያስተንፍሱ። ከዚያ ይደውሉልኝ።»

ፖምፓውን ተቀበልኩ። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ነው የተቀበልኩት። ሰዓቱ የተዛባ መሆኑን አረጋግጬ ፊቱ ላይ እወረውርለታለሁ።

ረቡዕ

ሰዓቱን መሥሪያ ቤት ወስጄ ከኛ መለኪያ ጋር አስተያየሁት። አልተዛባም። ደግሜ አየሁት። አልተዛባም።

ሚጣ «ነገ አባዬ» አለችኝ።

ሐሙስ

«ፈተና አለኝ አባዬ፣ ነገ።» እምቢ ስትለኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው ልበል?

ዓርብ

ዛሬ ነገ የለም አልኳት። ኮሪደሩ ላይ ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩ። የውድድር ልብስሽን፣ ጫማሽን፣ የጀርባ ውሃሽን አድርጊና ነይ አልኳት። ሹራቡን ደርባ መጣች።

«ሹራቡን አውልቂ፤ ውድድር ላይ በኔ ሹራብ ነው የምትወጪው?»

«ይበርደኛል።»

«አውልቂ፣ ሚጣ።»

ባለቤቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ እንደያዘች ቆማ ነበር። ስትጠብቅ የቆየች ሰው ነው የምትመስለው።

አወለቀች። እኔ ግን ቀና አላልኩም። ሹካው ላይ አጎንብሼ ነበር፤ እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው፣ ቀና ማለት አልፈለግኩም። ወጥታ ተቀመጠች፣ ወረደች። ቀለበቷ ትንሽ ብቻ ሄዳለች። አየር አስተነፈስኩ፤ ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ወረድኩ። «ተቀመጪ።» ተቀመጠች። አልደረሰችም። ሌላ መስመር። «ተቀመጪ።» ሌላ መስመር። ስትወጣ ስትወርድ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሰማለሁ፤ ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳ የተደገፈ ሳይክል ላይ።

ሠንጠረዡ አለቀ።

ከመጨረሻው መስመር በታች ለሰው የተጻፈ የለውም። ቀለበቷ ግን ምልክቱ ጋ ገና አልደረሰችም። አስተነፈስኩ። «ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ።» አስተነፈስኩ። ደረሰች።

ሰዓቱን አነበብኩ። እንዲህ ያለውን ሒሳብ በቃሌ ነው የምሠራው፤ ይህን ግን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሠንጠረዡ ለነጂው ልብስና ውሃ ጨምሮ ነው የተሠራው። እነሱን ሳወጣ የቀረው ቁጥር የልጄ ሊሆን አይችልም፤ የማን እንደሆነ እንጃ።

«ሰዓቱ ተበላሽቷል» አልኩ።

ልትወርድ እግሯን ስታነሳ ተንገዳገደች። በብብቷ ይዤ አነሳኋት። አነሳኋትና እጄ አወቀው። ዓይኔን ሳልጨፍን፣ ሳልወራረድ። ከሁለቱ ብረቶቼ ብዙም አትከብድም። እነሱን በየቀኑ ደረጃ ለደረጃ ተሸክሜ ስዞር፣ ስለ እነሱ ክብደት ሳማርር፣ ልጄ ወደዚያው ክብደት እየወረደች ነበር።

አላስቀመጥኳትም። እንደያዝኳት ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

«ሁለት ኪሎ ነው ያልኩሽ» አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ሁለት።»

«ሁለት ስቀንስ ሦስተኛ ወጣሁ» አለች ደረቴ ላይ። «ሠራ አልከኝ። ሁለት ደግሞ ብቀንስ አንደኛ የምወጣ መስሎኝ… ከዚያ ማቆም አቃተኝ አባዬ። ስበላ ያመኛል።»

ባለቤቴ መጥታ ሁለታችንንም ያዘችን። ፎጣው እርጥብ ነበር።

ቅዳሜ

በማን ልናደድ? ለሳምንታት ሌባ ስፈልግ ቆየሁ። ባለጓንቱን፣ የቱቦ ሠራተኛውን፣ የጎረቤቱን ውሻ። ውሻው እንኳ በሚጣ ምግብ ሲወፍር እየታየ ነበር። ጸጉሩን በእጄ አውጥቼ ስለ ቱቦ ተቆጣሁ። ባለሉካንዳው፣ አሥር ጊዜ የከሰስኩት ሰውዬ፣ በመንገድ ስታልፍ አይቶ ያወቀውን፣ እኔ ማታ ማታ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አላወቅኩም። ይሄን ያህል ዓመት የሰውን ሚዛን ሳርም!

ሁለት ኪሎ ነው ያልኩት እያልኩ ሌሊቱን አነጋሁት። ልክ ነው፣ ሁለት ነው ያልኩት። ለማን ነው የምከራከረው?

ሰኞ

ሐኪም ቤት። እኔ ውጪ ኮሪደር ላይ ጠበቅኩ፤ እናቷ ገባች። ሐኪሟ ወጥታ «ልብሽን የሚያደክም ደረጃ ላይ ነሽ ብያታለሁ። መንዳት አሁን የለም» አለችን። ጊዜ ይወስዳል፣ ትመላለሳላችሁ፣ ምግብ ላይ አትጩኹባት፣ ቁጥር አትጥሩባት አለች። ይህን ስትል እኔን ነበር የምታየው። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ፊቴ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

የቤቱን ሚዛን ሚጣ ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ። በፎጣ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ነበር ያስቀመጠችው። መሥሪያ ቤት ወስጄ ብሎን በብሎን ፈታሁት። ብሎኑ ለሌላ ይሆናል።

እሑድ

የመዝጊያው ውድድር ዛሬ ነበር። ዝናብ። አልሄድንም። የክለቡን ቦታ ሌላ ልጅ ወሰደችው። ሚጣ መስኮት ጋ ቆማ ስታለቅስ ዋለች፤ እኔም ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ላይ አሳበብኩ። ባለቤቴ «ሽንኩርቱ እኮ አልተላጠም» አለችኝ።

ባለጓንቱ ደወለ። «እንዴት ሆነ ጋሼ፣ ደረሰች?» አለኝ። ስለ ቀለበቷ ነው የጠየቀው። «ደረሰች» አልኩት። «ፖምፓውን ለመመለስ አይቸኩሉ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ዝናቡ ቆሟል

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። የሚጻፍ ንዴት አልነበረኝም፤ የነበረውን ወረቀት አይችለውም።

መንገዱ ወደ ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ሳምንት ደህና ትሆናለች፣ በሚቀጥለው ሳህኑን ታዞረዋለች። አልጮኽም። ጥርሴን ነክሼ ስለ መሥሪያ ቤት ወሬ አወራለሁ፤ ስለ ትከሻዬ አማርራለሁ፤ ሰልችቷት እስክትስቅ። ትናንት ስለ አዲሱ አለቃችን ሳማርር ከኔ ሳህን ድንች አንስታ በላች። ሳታስበው። ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችው፣ እንዳልናገር። እኔም ስለ አለቃው አንድ ሰዓት ሙሉ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ

ባለጓንቱ የፖምፓውን ዋጋ ላከልኝ። ልወስደው ካልኩ ነው፤ ካልፈለግኩ ልመልስ። ዋጋውን ሳይ ተቀመጥኩ። ለአንድ ክንድ ለማይሞላ ቱቦ! ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ውድነቱ ግን አሁንም ሌብነት ነው፣ ይህን እስክሞት አልተውም።

ከፈልኩት።

ማታ ሚጣ ኮሪደሩ ላይ አልፋ ስትሄድ ቆመች። ሳይክሉ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሳልጠራት ወጥታ ተቀመጠች፤ በቤት ልብሷ። መሪውን ይዛ ወደ ፊት ተደገፈች።

«አባዬ፣ ለስልሷል» አለች።

አጎንብሼ አየሁ። ቀለበቷ ምልክቱን አልፋ ሄዳለች። ያን ዓርብ የተውኩት አየር አሁን አይበቃትም።

ፖምፓውን አመጣሁና አየር ጨመርኩበት። ትንሽ ነው። ገና የሠንጠረዡ የመጨረሻ መስመር ላይ እንኳ አልደረስንም።